ጂፗ ያለ ፓራውልት አልወጣም አለች

ተረት ልንገራችሁ። ላሟም በረቷም የሌሉበት ተረት ነው፤ ያለችበት አንዲት ጂፕ ናት። ጂፕ ተረት ውስጥ ምን ትሠራለች የሚል ካለ አሁኑኑ ተነስቶ ይሂድ። የሚቀመጥ ግን እስከ መጨረሻው ይቀመጥ፤ መሀል ላይ የሚነሳ ሰው ሰንሰለቱን ይበጥስብኛል፣ እኔም ሲበጠስብኝ ደስ አይለኝም።

ዋልካ ሜዳ የሚባል የቆላ መንደር አለ። ሰሊጥ ይበቅልበታል፣ ማሽላ ይበቅልበታል፣ ሐኪም ግን አይበቅልበትም። ሐኪም ያለው ከተማ ነው፤ ከተማው በመኪና ሦስት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው፤ ከጫካው ደግሞ ከርከሮም አጋዘንም ይወጣል። በዋልካ ሜዳ ያለችው መኪና አንዲት አሮጌ ጂፕ ብቻ ናት። ባለቤቷ አዛናው ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ወሬ የማይወድ፣ ከሰው ይልቅ ከሞተሩ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። እባብ የነደፈው፣ ወባ የጣለው፣ ምጥ የያዛት ሁሉ የሚሄደው በአዛናው ጂፕ ነው።

በመጋቢት ወር የአያ ደሴ ትልቋ ልጅ ዝናሽ ምጥ ጠናባት። አዛናው ዝናሽንና ባሏን ጭኖ ወጣ። መንገድ እኩል ሲሆን፣ ገና በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ወንድ አጋዘን ከጫካው ዘሎ ጂፗ ፊት ላይ ወደቀ። ፓራውልት ታውቃላችሁ፤ የመኪናን ፊት ከግጭት የሚጠብቀው ነው። የዚያች ጂፕ ፓራውልት ስስ ቆርቆሮ ነበርና እንደ ወረቀት ታጠፈ። ቀንዱ ራዲያተሩን በሳው፣ ውሃው ፈሰሰ፣ ሞተሩ ፈላ፣ ጂፗ ቆመች። ባልየው ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ሊጠራ ወደ መንደር እየሮጠ ተመለሰ። ሰዎቹ ሲደርሱ ዝናሽ ከነልጇ አልፋ ነበር። ራሷን ያስደገፈችው በአዛናው ጉልበት ላይ ነበር።

ዋልካ ሜዳ አለቀሰ። እስላሙም ክርስቲያኑም አለቀሰ። አዛናው ብቻ ለቅሶ አልደረሰም። “በምን ፊቴ?” ብሎ ቤቱን ዘግቶ ተኛ። በቀብሩ አልታየም፣ በሰልስቱ አልታየም፣ በአርባውም አልታየም። ሰው “ሐዘኑ ጎድቶት ነው” አለ። እኔ ግን ልንገራችሁ፤ ሐዘን ብቻ አልነበረም። ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበረው። ኋላ እንደርስበታለን።

ግንቦት ገባ። የዝናሽ ታናሽ እናኑ፣ እሷም ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት መጥታለች፤ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ሰኔ ከገባ የዚያ አገር ጭቃ ጎማ ይውጣል። እናኑ ከጭቃው በፊት ከተማ መድረስ አለባት፤ የምትሄደው ደግሞ በዚያችው ጂፕ ነው።

አዛናው ራዲያተሩን አስጠግኖ ነበር። ጂፗ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ፊቷ ግን ባዶ ነው። “በዚህ ፊቷ እናኑን አልጭንም” አለ። “አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አላፈርስም።” መጀመሪያ የግራር ግንድ አምጥቶ በገመድ ፊቷ ላይ አሰረላት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግንዱ ወደቀ፣ ጂፗም በላዩ ላይ ሄደችበት። ያየ ሳቀ። አዛናው አልሳቀም። ግንዱን አንስቶ ወደ በያጁ ወደ ኑርዬ ሄደ።

ኑርዬ የመስኮትና የአልጋ በያጅ ነው፤ ጄኔሬተሩ ስትነሳ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። ከሰል አንስቶ መሬቱ ላይ ሣለለት። “ይሄ አግዳሚው ነው። ጫፍና ጫፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ቁጥቋጦ እንዳይዘው። እዚህ ሁለት ቱቦ ይቆማል፣ ራዲያተሩን የሚከልል። ከሻንሲዋ፣ ከሥር ካለው ዋና ብረቷ ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ከሻንሲ ጋር ያልታሰረ ፓራውልት ጌጥ ነው። ብየዳው በእኔ ይሁን። አንተ ብረት አምጣ። ቆርቆሮ አምጥተህ እንዳታደክመኝ፤ ከባድ መኪና የተሸከመ ዓይነት ብረት።”

እንግዲህ ሰንሰለቱ ተጀመረ፤ ያዙልኝ። እናኑ ቀኗ ቀረበ። ጂፗ ያለ ፓራውልት አልወጣም አለች። ፓራውልቱ ያለ ብረት አልሠራም አለ።

ብረት የት አለ? ባለወፍጮው አበጀ ዘንድ አለ። ድሮ አንድ የሰሊጥ መኪና ዋልካ ሜዳ መጥቶ ተገልብጦ ቀርቶ ነበር፤ አበጀ የሻንሲውን ሁለት ብረቶች ወስዶ ወፍጮ ቤቱ ፊት ባለው ቦይ ላይ አጋደማቸው፣ ሳንቃ ደረደረባቸው፣ ድልድይ ሆኑ። እህል የጫነች አህያ ሁሉ በዚያ ነው የምትሻገረው። አዛናው ሄዶ ዓይኑን ብረቶቹ ላይ ተክሎ ቆመ።

“ምነው፣ ድልድዬን በዓይንህ በላኸው?” አለ አበጀ።

“አንዱን ስጠኝ። ለጂፗ ነው። ለእናኑ ነው።”

አበጀ ዱቄቱን ከቅንድቡ ጠረገ። “ለእናኑ ከሆነ አንዱን ውሰድ። ግን ዝናቡ ሊመጣ ነው። ቦዩ ሞልቶ አህያ ከነጭነቷ ከገባች፣ ለማን አቤት እላለሁ? በብረቱ ፋንታ ግንድ አጋድምልኝ። ዋንዛ ይሁን። ያን ግራርህን እንዳታመጣው፤ ምስጡ ገና ሳታወርደው ይጀምረዋል።”

እናኑ ቀኗ ቀረበ። ጂፗ ያለ ፓራውልት አልወጣም አለች። ፓራውልቱ ያለ ብረት አልሠራም አለ። ብረቱ ያለ ግንድ ከቦዩ አልነሳም አለ።

የደረቀ ዋንዛ ያለው እትዬ ማሪቱ ግቢ ነው። እትዬ ማሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የተሳለ፣ ልቧ ግን የዋህ ሴት ናት። ዋንዛው ከደረቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕርጥብ ቢሆን ማን ደፍሮ ይጠይቃታል። አዛናው ባርኔጣውን አውልቆ ለመናት።

“ዛፉ የአንተ ይሁን” አለች። “ቀና ብለህ አይተኸዋል ግን?”

ቀና አለ። ሦስት ቀፎ ተሰቅሏል። ንቦቹ ይገባሉ ይወጣሉ፤ ዋንዛው ደረቀ አልደረቀ ጉዳያቸው አይደለም።

“የሟች ባሌ ቀፎዎች ናቸው” አለች እትዬ ማሪቱ። “እነሱን እዚያ አጥሩ ጋ ወዳለው ሾላ አዛውረህ ግንዱን ቁረጥ። እነሱ ሳይነሱ መጥረቢያ ያሳረፈ ሰው ግን ከእኔ ጋር አይነጋገርም።”

እናኑ ቀኗ ቀረበ። ጂፗ ያለ ፓራውልት አልወጣም አለች። ፓራውልቱ ያለ ብረት አልሠራም አለ። ብረቱ ያለ ግንድ ከቦዩ አልነሳም አለ። ግንዱ ንቦቹ ሳይነሱ አልቆረጥም አለ።

ንብ ማንም አያነሳውም። አምና አበጀ “ንብ ምን አላት” ብሎ ወጥቶ አንድ ሳምንት በአንድ ዓይኑ ነው እህል የፈጨው። በዋልካ ሜዳ የንብ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሲጠጋቸው አይቆጡም፣ እጁን ሲሰድ ዝም ይላሉ።

“ማን እንደሆነ ታውቃለህ” አለች እትዬ ማሪቱ።

አዛናው ያውቃል። አያ ደሴ ነው። የዝናሽ አባት።

እናኑ ቀኗ ቀረበ። ጂፗ ያለ ፓራውልት አልወጣም አለች። ፓራውልቱ ያለ ብረት አልሠራም አለ። ብረቱ ያለ ግንድ ከቦዩ አልነሳም አለ። ግንዱ ንቦቹ ሳይነሱ አልቆረጥም አለ። ንቦቹ ያለ አያ ደሴ እጅ አንነሳም አሉ።

እዚህ ላይ አዛናው ምን አደረገ ትላላችሁ? ሄደ? አልሄደም። ኑርዬን ላከ። ሰው አንዴ ለቅሶ ካልደረሰ፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር የዚያ ቤት ደጅ እየራቀ ይሄዳል። ከአዛናው ቤት እስከ አያ ደሴ ቤት ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል፤ ለእሱ ግን ከከተማው ይበልጥ ርቆት ነበር።

ኑርዬ ሄዶ ተመለሰ። “አያ ደሴ ከል ለብሷል” አለ። “ንብ ጥቁር አይወድም፤ ከል ለብሼ ቀፎ አልነካም፣ ብነካም ይናደፋሉ፣ የማሪቱን ንብ አስኮበልላለሁ ነው የሚለው።”

“ታዲያ ለአንድ ቀን ያውልቀው።”

“እኔም ብዬው ነበር። ከል እንደ ኮት አይወልቅም አለኝ።”

አዛናው አሰበና ደግሞ አበጀን ላከ። “ከሉ መቼ እንደሚወልቅ ጠይቅልኝ።” አያችሁ፣ አሁንም ራሱ አልሄደም። ያን ሰውዬ ብወደውም እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

አበጀ ሄደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ አዛናው፣ ኑርዬና እትዬ ማሪቱ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። አበጀ ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

“የመጨረሻው ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ ከል አይወልቅም አለ። በአባቶቻችን ደንብ እንደዚያ ነው አለ። አንድ ሰው ቀርቶብኛል አለ።”

እናኑ ቀኗ ቀረበ። ጂፗ ያለ ፓራውልት አልወጣም አለች። ፓራውልቱ ያለ ብረት አልሠራም አለ። ብረቱ ያለ ግንድ ከቦዩ አልነሳም አለ። ግንዱ ንቦቹ ሳይነሱ አልቆረጥም አለ። ንቦቹ ያለ አያ ደሴ እጅ አንነሳም አሉ። የአያ ደሴ እጅ ከሉ ሳይወልቅ ቀፎ አልነካም አለ። ከሉ አንዱ ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ አልወልቅም አለ።

“ማነው የቀረው?” አለ አዛናው። “ንገሩኝ፤ ያለበት ሄጄ በጂፗ አመጣዋለሁ።”

ኑርዬ መሬት መሬት አየ። አበጀ ዱቄት የሌለበትን እጁን አራገፈ። የመለሰችው እትዬ ማሪቱ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ምላሷ አልተሳለም።

“አዛናው፣ አንተ ነህ” አለች።

ያን ሁሉ ዞሮ፣ ያን ሁሉ ለምኖ፣ የሰንሰለቱ ጫፍ በራሱ እጅ ነበር።  ከዚያ ተነሳ፣ ባርኔጣውን ትቶ ሄደ።

ለቅሶ ደራሽ ከአጥር ውጭ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያለቀሰ ነው የሚገባው። አዛናው አጥሩ ጋ ደርሶ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። እንደዚያው ገባ። አያ ደሴ በመደቡ ላይ ከሉን ለብሶ ተቀምጧል። እናኑ ከጓዳው በር ቆማለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። አዛናው ከሽማግሌው እግር ሥር ወደቀ።

“ተነስ” አለ አያ ደሴ። “ተነስና ተቀመጥ። አንተን አልከሰስኩም። ጂፗን የመታት አጋዘን ነው፣ ልጄን የወሰዳት እግዜር ነው። ግን ልጄ ስትሞት ከአንተ በቀር ማንም አልነበረም። ምን አለች? ሁለት ወር ሙሉ ይቺን የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።”

አዛናው ተነስቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“አያ ደሴ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ነበረን” አለ። “ውሃ አጠጣኝ አለችኝ። አንድ ኩባያ ሰጠኋት። ጨምርልኝ አለች። ሞተሩ ከበረደ አስነስቼ አደርሳታለሁ ብዬ፣ የቀረውን ሁሉ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጥኩት። በቀዳዳው ፈሶ መሬት ጠጣው። እሷ ታየው ነበር። ከዚያ በኋላ የምሰጣት ውሃ አልነበረኝም።”

ለማንም ያልነገረው ነገር ይሄ ነበር። 

“ተቆጣችህ?” አለ አያ ደሴ።

“አልተቆጣችም። እንኳን ልትቆጣ፣ የተናገረችው ስለ እርስዎ ነው።”

“ምን አለች?”

“‘አባቴ ወሬዬን ሲጠብቅ ራቱን አይበላም፤ ይብላ በለው’ አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።”

አያ ደሴ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያን ጊዜ ነው የአዛናው ድምፅ የወጣው። ሁለት ወር ያመቀው ለቅሶ ወጣ፤ ዋንዛው ሥር የተቀመጡት ሳይቀሩ ሰሙት። እትዬ ማሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች፤ ኑርዬና አበጀም ከኋላዋ መጡ። የዝናሽ ለቅሶ እንደገና ተለቀሰ።

ሲወጣላቸው አያ ደሴ ዓይኑን ጠረገ። “ይቺን ቃል ሁለት ወር ሙሉ ይዘሃት ዞርክ?”

“አዎ።”

“እኔም ሁለት ወር ሙሉ ራት ቀምሼ አላውቅም” አለ አያ ደሴ። “እናኑ ትመስክር። የውሃው ነገር ገና ከልቤ አልወጣም፣ አዛናው፤ አልዋሽህም። ግን መጥተሃል። እናኑ፣ ራት አቅርቢልን።”

እናኑ አቀረበች። አዛናው መዋጥ አቅቶት ነበር። እናኑ አየችውና “ብላ እንጂ” አለችው፣ “አባዬ ብቻውን አይበላም።” ሁለቱም በሉ።

በማግስቱ ምን ሆነ? እንግዲህ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ፈጣን ነው፤ ደህና አድርጋችሁ ስሙ። ለቅሶ ደራሹ መጥቶ ነበርና ከሉ ወለቀ፤ አያ ደሴ አጥቦ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ከሉ ወለቀና እጁ ቀፎውን ነካ። እጁ ነካና ንቦቹ ወደ ሾላው ተነሱ። አንዲት ንብ ብቻ አበጀን ነደፈችው፤ ታውቀው ነበር መሰለኝ። ንቦቹ ተነሱና ግንዱ ተቆረጠ። ግንዱ ቦዩ ላይ ተጋደመና ብረቱ ተነሳ። ብረቱ ተነሳና የኑርዬ ጄኔሬተር ተነሳች፣ ውሾቹም ጮኹ።

ኑርዬ ሁለት ቀን ሠራ። ብረቱን ለካ፣ ቆረጠ፣ ጫፍና ጫፉን አጠፈ፣ በየደ፣ የበየደውን በመዶሻ መታ፣ ያልወደደውን ደግሞ በየደ። አዛናው ብሎኖቹን በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ አጠበቃቸው። ሲያልቅ ጂፗ ደረቷን ነፍታ ቆመች። ብትሰማኝ ቅር ይላታል እንጂ መልኳ አላማረም ነበር።

አያ ደሴ ሊያየው መጣ። መዳፉን አግዳሚው ላይ አሳረፈ፣ ቀስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት፣ ቱቦዎቹን ያዝ አድርጎ ነቀነቃቸው። አልተነቃነቁም።

“ጥሩ ብረት ነው” አለ። “ዘገየ እንጂ።”

አዛናው ጎንበስ ብሎ የጠበቀውን ብሎን ደግሞ አጠበቀው።

በዚያው ዕለት፣ ብረቱን ገና ቀለም ሳይነካው፣ እናኑ ወገቧን ያዘች። አዛናው ሞተሩን አስነሳ። አያ ደሴ ወደ ቤት ገብቶ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዞ ወጣ። አንዱን ከኋላ አስቀመጠ። “ይሄ የመኪናዋ ነው” አለ። ሁለተኛውን ከነኩባያው እናኑ እግር ሥር አደረገ። “ይሄ የሰው ነው።” አዛናው ሁለቱንም አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። አያ ደሴም ከልጁ ጎን ገብቶ ተቀመጠ።

አጋዘኑስ ትሉኛላችሁ። አልመጣም። ያ ሁሉ ብረት ተበይዶ፣ ያን ቀን ከጫካው ቆቅ እንኳን አልወጣችም። ዝናሽ የሞተችበት ቦታ ሲደርሱ ግን እናኑ “ውሃ ጠማኝ” አለች። አዛናው ጂፗን አቆመ። ወርዶ ጀሪካኑን ከፈተ፣ ኩባያውን ሞልቶ ሰጣት። ጠጣች። “ጨምርልኝ” አለች። ጨመረላት። ሦስተኛም ሞላላት። “በቃኝ” እስክትል ጀሪካኑን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። “በቃኝ” ስትል አያ ደሴ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ።

ለቅሶ ደራሹ መጣ፣ ከሉ ወለቀ፣ እጁ ነካ፣ ንቦቹ ተነሱ፣ ግንዱ ተቆረጠ፣ ብረቱ ከቦዩ ወጣ፣ ፓራውልቱ ተሠራ፣ ጂፗ ወጣች፣ እናኑ ከተማ ደረሰች። ሴት ልጅ ወለደች። አያ ደሴ ያን ቀን ምሽት፣ ወሬውን በጆሮው ሰምቶ፣ ራቱን በላ።

ተረቴ እዚህ ላይ ትቁም። እኔን ዳቦ አትስጡኝ፤ ከመካከላችሁ የተጠማ ካለ ግን ውሃ ስጡት፤ ጨምሩልኝ ካለም ጨምሩለት።